መቀየር ወይስ መለካት? ስለ አንዲት የ1979 ፖርሽ እና ስለ አንድ የድሮ ዕዳዬ



ባለፈው ሳምንት ጋራዥ ውስጥ የቆመች የአንዲት ፖርሽ 911 ፎቶ ለጥፌ ነበር። ከፎቶው ስር የመጣው ጥያቄ ሁለት ዓይነት ነው። ግማሾቻችሁ «ቲቸር፣ የዚህችን የነዳጅ ኢንጀክሽን መለዋወጫ ዛሬ ከየት ታገኛለህ?» አላችሁኝ። ሌሎቻችሁ ደግሞ «ለምን ያንን የድሮ ጣጣ አውልቀህ በኮምፒውተር የሚሠራ አትገጥምላትም?» አላችሁ። በኮመንት ልመልስ ብዬ ጀመርኩና ረዘመብኝ። ስለዚህ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነው። (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ መኪናዋን ላስተዋውቃችሁ። የ1979 ፖርሽ 911 ኤስሲ ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 3.0 ሊትር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ አንድ የዚህ አገር ሰው ናቸው፤ የገዟት በጎልማሳነታቸው ነው። ለጥቂት ዓመታት ቆማ ከርማ ሲያስነሷት ችግር አመጣች። ጠዋት ትነሳለች፤ ግን ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሚኒሞው ይዋዥቃል፣ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ቤንዚን ይሸታል። ነዳጅ ማደያ ቆመው ከሩብ ሰዓት በኋላ ሊያስነሷት ሲሞክሩ ደግሞ ሞተሪኖው ይዞራል እንጂ አትነሳም። የወሰዱበት ጋራዥ፣ ስሙ ይቅር፣ «ኢንጀክሽኑ ሞቷል፣ እቃው ከገበያ ጠፍቷል፣ ሙሉውን በዘመናዊ እንቀይረው» አላቸው። የተጠየቁት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ወደ እኔ የመጡት «ሌላ ሰው በርካሽ ይቀይርልኝ ይሆን?» ብለው እንጂ መኪናዋ ትድናለች ብለው አልነበረም።

አሁን ያ «ሞቷል» የተባለው ነገር ምን እንደሆነ ላስረዳ። ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ ላልተማራችሁት ደግሞ በቀላሉ።

ስሙ ኬ-ጄትሮኒክ ነው፣ የቦሽ ሥራ። «ኬ» የምትለዋ ፊደል በጀርመንኛ «ያልተቋረጠ» ከሚለው ቃል የመጣች ናት። ኢንጀክተሮቹ እንደ ዛሬዎቹ እየተከፈቱና እየተዘጉ አይረጩም፤ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ሳያቋርጡ ይረጫሉ። በ1979ዋ ውስጥ ነዳጁን የሚመጥን ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም። አየር ሲገባ አንዲት ክብ ሳህን ያንቀሳቅሳል። ሳህኗ ከፍ ስትል በማንሻ በኩል በነዳጅ አከፋፋዩ ውስጥ ያለውን ፕላንጀር ትገፋለች። ፕላንጀሩ ከፍ ባለ ቁጥር ለስድስቱ ሲሊንደሮች የሚሄደው ቤንዚን ይጨምራል። አየር በዛ፣ ነዳጅ በዛ። በቃ።

ታዲያ ሞተሩ ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ የሚፈልገው ነዳጅ ልዩነት እንዴት ይመጣል? ከፕላንጀሩ በላይ ወደ ታች የሚጫን የነዳጅ ግፊት አለ፤ የቁጥጥር ግፊት እንለዋለን። እሱን የሚወስነው ዋርም-አፕ ሬጉሌተር የሚባል የቡጢ ያህል ብረት ነው። ቀዝቃዛ ሲሆን ግፊቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ፕላንጀሩ በቀላሉ ይነሳል፣ ነዳጅ ይበዛል። በውስጡ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ነገር አለ፤ ያ ሲሞቅ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል፣ ነዳጁም ይቀንሳል። ይህ ሥርዓት ለአሜሪካ ገበያ ወደ 911 የገባው በ1973 ሞዴል ዓመት አጋማሽ ላይ ነው፤ ከዚያ እስከ 1983 ድረስ ተራዎቹን 911ዎች ያንቀሳቀሰው እሱ ነው።

እንግዲህ ይህንን የሚፈትሽ ሰው የሚያስፈልገው ዋና መሣሪያ አንድ ነው፦ የግፊት ጌጅ፣ መዝጊያ ቧንቧ ያለው። ዋጋው ከአንድ ጥሩ ጎማ አይበልጥም። በአከፋፋዩና በሬጉሌተሩ መካከል ይገጠማል። መዝጊያውን ስትዘጋው የሥርዓቱን ዋና ግፊት ታያለህ፣ ስትከፍተው የቁጥጥሩን ግፊት። ሞተሩን አጥፍተህ ዝም ብለህ ስታየው ደግሞ የቀሪውን ግፊት። ሦስት ቁጥር ነው።

መኪናዋን ማታ አቁሜ አሳደርኳት። የቀዝቃዛው ንባብ እውነት የሚሆነው ሌሊቱን የቆመ ሞተር ላይ ብቻ ነውና። ጠዋት ገጠምኩ።

ዋናው ግፊት 4.8 ባር። ለኤስሲ ከ4.5 እስከ 5.2 ባለው ውስጥ ነው፣ ጤነኛ።

ቀዝቃዛው የቁጥጥር ግፊት ለጠዋቱ ሙቀት ልክ ነው።

ሲሞቅ ወደ 3.4 እና 3.8 መካከል መውጣት ነበረበት። ከ10 ደቂቃ በኋላም 2.2 ላይ ተቀምጧል። ጥቁሩ ጭስ ከየት እንደመጣ ታወቀ፦ ሬጉሌተሩ ሞተሩ አሁንም ቀዝቃዛ ነው ብሎ ያምናል። ሶኬቱን ነቅዬ በቴስተር አየሁት። ኤሌክትሪክ አይደርሰውም። ሽቦው ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል።

ሞተሩን አጠፋሁ። ቀሪው ግፊት በአራት ደቂቃ ውስጥ ዜሮ ገባ። ከ20 ደቂቃ በኋላ እንኳ ከ1 ባር በላይ መያዝ ነበረበት። ግፊት ሲጠፋ፣ በጋለ ሞተር አጠገብ ያለው ቤንዚን ቧንቧ ውስጥ ይተናል፤ ለዚህ ነው ማደያ ላይ የማትነሳው። ተጠርጣሪዎቹ ጥቂት ናቸው፦ የፓምፑ ቼክ ቫልቭ፣ አኩሙሌተሩ፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወይም የአከፋፋዩ ጎማ ቀለበት። አንድ በአንድ እየዘጋሁ ስሄድ ቼክ ቫልቩ ሆኖ ተገኘ።

የተቀየረው እንግዲህ አንድ ሶኬትና አንድ ቼክ ቫልቭ ነው። ከዚያ ለጥንቃቄ የነዳጅ ፊልትሮና የዛጉ የቫኪዩም ጎማዎች። ባለቤቱ ደረሰኙን ሲያዩ «የቀረው የታል?» አሉኝ። የቀረ የለም አልኳቸው።

አሁን ወደ ነጥቤ ልግባ። ይሄንን የምጽፈው «እኔ ጎበዝ ነኝ» ለማለት አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው፤ ምክንያቱን ከታች ታነቡታላችሁ።

እኔ የምለው፦ «መለዋወጫው ከየት ይገኛል?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው «የቱ ነው የተበላሸው?» የሚለው ነው። ለክላሲክ መኪኖች ኢንጀክሽን ሙሉ ምትክ ከሚፈልጉት ሰዎች ብዙዎቹ፣ በእኔ ጋራዥ ካየሁት ተነስቼ፣ ምትክ አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው የሚለካ ሰው ነው። ከገበያ እየጠፋ ያለውም ከእቃው ይልቅ እሱ ነው።

እስኪ ካሁን በፊት የሆነውን አስቡ። ከ1969 ጀምሮ 911ኢ እና 911ኤስ የሚባሉት ሜካኒካል የኢንጀክሽን ፖምፓ ነበራቸው፤ በቺንጋ የሚዞር፣ እንደ ሰዓት የተሠራ። የ1973ቱ ካሬራ አርኤስም በሱ ነው የሚሄደው። እነዚህ መኪኖች ተራ አሮጌ መኪና በነበሩበት ዘመን፣ ያ ፖምፓ አስቸጋሪ ነው ተብሎ ስንቱ ወልቆ በካርቡራቶር ተተካ። የወለቀው መደርደሪያ ስር ገባ፣ ወይ ተጣለ። ዛሬ የነዚያው መኪኖች ባለቤቶች ኦሪጅናሉን ፖምፓ ፍለጋ አገር ያስሳሉ፤ ሲያገኙትም የሚከፍሉት ያስደነግጣል። የአልፋ ሮሜዮ ስፓይደር ስፒካ ፖምፓም ታሪኩ ያው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ኬ-ጄትሮኒክም አሁን በዚያው መንገድ ላይ ነው።

«እሺ ቲቸር፣ በእርግጥ የሞተ ሲሆንስ?» ትሉኝ ይሆናል። ይሞታል፣ አዎ። እዚህ አገር የሚሸጠው ቤንዚን ብዙውን ጊዜ እስከ 10 ከመቶ ኢታኖል አለው። ኢታኖል ውኃ ይስባል። መኪና ለዓመታት ሲቆም ያ ውኃ ይለይና ብረቱን ያዝጋል። የአከፋፋዩ ፕላንጀር ከዛገና ከተቧጨረ በጸሎት አይድንም። እንዲህ ሲሆን ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው፣ እንደ እኔ ምርጫ ቅደም ተከተል፦

1. ያንኑ እቃ ማሳደስ። አከፋፋዩንና ሬጉሌተሩን ፈትተው፣ አጥበው፣ ጎማውን ቀይረው፣ በመሞከሪያ ማሽን ላይ አስተካክለው የሚመልሱ ባለሙያዎች አሉ። ፖርሽ ራሱም በክላሲክ ክፍሉ በኩል ለአሮጌ 911ዎች እቃ ያቀርባል። ያገለገለ እቃ የምትገዙ ከሆነ ግን ቁጥሩን ሳታዩ ገንዘብ እንዳታወጡ። የቦሽ ሬጉሌተር ቁጥር 0 438 140 ብሎ ይጀምራል፣ አከፋፋዩ 0 438 100 ብሎ። ወሳኞቹ ከዚያ የሚከተሉት የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች ናቸው። ሁለት ሬጉሌተሮች በዓይን መንታ ሊመስሉ ይችላሉ፤ አንዱ ግን ለሌላ ሞተር የተሠራ ነው። «ገጥሟል እኮ!» ብሎ የተደሰተ ሰው ወር ሙሉ ጭስ ሲያሳድድ አይቻለሁ።

2. ዘመናዊ ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን። ለኤስሲ ብዙ ሰው የሚመርጠው ከ1984 ሞዴል ጀምሮ የመጣውን የካሬራ 3.2 ማኒፎልድና ኢንጀክተሮች ወስዶ በፕሮግራም ከሚስተካከል ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ነው። የክራንክ ሴንሰር፣ የስሮትል ሴንሰር፣ የሙቀት ሴንሰር፣ ጭሱን የሚያነብ ሴንሰር፣ ሌላ የግፊት መቆጣጠሪያ፣ አዲስ ገመድ ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ቁጭ ብሎ የሚያስተካክለው ሰው ይፈልጋል። በደንብ ከተሠራ ግሩም ነው፣ አልዋሽም። በደንብ ካልተሠራ ግን ባለቤቱ አንድ የማይገባውን ሥርዓት በሌላ የማይገባው ሥርዓት ለወጠ ማለት ነው፤ ልዩነቱ፣ የሁለተኛው መጽሐፍ የለውም። የሠራው ልጅ ስልኩን የቀየረ ቀን መኪናው ወላጅ አልባ ይሆናል።

3. ካርቡራቶር። ድምፁ ያምራል። ነገር ግን ልብ በሉ፦ የኬ-ጄትሮኒክ ሞተር ካምሻፍት ለስላሳ ነው፤ የአየሩ መርገብገብ ሳህኗን እንዳያወዛውዝ ተብሎ የተሠራ። ካምሻፍቱን ሳይቀይሩ ካርቡራቶር ብቻ መግጠም ብዙ ጉልበት አይጨምርም፣ ነዳጅ ግን ይጨምራል።

በካሊፎርኒያ የምትኖሩ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለባችሁ። እዚያ ከጭስ ምርመራ ነጻ የሆኑት እስከ 1975 ሞዴል ያሉት ናቸው። የ1976ና ከዚያ በኋላ የተሠራ መኪና ላይ በግዛቱ ያልተፈቀደ ኢንጀክሽን መግጠም ማለት ምርመራውን ለመውደቅ መክፈል ማለት ነው።

የቱንም ብትመርጡ አንድ ሕግ አለኝ፦ ወደ ኋላ መመለስ የሚቻልበትን መንገድ አትዝጉ። ኦሪጅናሉን ገመድ አትቁረጡ። ቀዳዳ አትብሱ። የወለቀውን አጽዱ፣ ቀዳዳዎቹን ድፈኑ፣ ቁጥሩን ጽፋችሁ በካርቶን አድርጉና ለባለቤቱ ስጡት። የእናንተ አይደለም። የመኪናዋ ነው።

አሁን ከአንድ የድሮ ተማሪዬ ጋር የተነጋገርነውን ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም፣ ራሱ ያውቃል፣ እጁ ወርቅ ነው። እዚሁ አካባቢ የራሱ ጋራዥ አለው። ይሄን ሁሉ ስነግረው ሳቀና እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ ልክ ነህ። ግን ደንበኛ ለእቃ ይከፍላል እንጂ ለማሰብ አይከፍልም። ሁለት ቀን ስለካ ከርሜ የአንድ ሶኬት ዋጋ ብጠይቅ ኪራዬን ማን ይከፍላል?»

ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ አላሾፍኩበትም። እውነት አለው። ሥራችን የሚከፈለው በእቃ ክብደት ስለሆነ ነው ሁላችንም ወደ መቀየር የምናደላው። መልሴ ግን ይሄ ነው፦ መለካቱን ራሱን ሽጠው። በግልጽ፣ ከመጀመሪያው። «ምርመራው ይህን ያህል ሰዓት ይወስዳል፣ ዋጋው ይህን ያህል ነው፣ ውጤቱን በቁጥር ጽፌ እሰጥዎታለሁ» በለው። ያቺ የፖርሽ ባለቤት ለሁለት ቀን ምርመራ ሲከፍሉ ቅር አላላቸውም፤ ከ10 ሺህ ዶላር ድነዋልና። ሐኪም «የደም ምርመራ ስንት ነው?» ተብሎ አያፍርም። እኛ ለምን እናፍራለን? ሳይለኩ መቀየርን ግን ስሙን እንጥራው፦ የራስን አለማወቅ ለደንበኛ መሸጥ ነው።

እንዲህ አፌን ሞልቼ የምናገረው ራሴ ስለሸጥኩት ነው። ዕዳዬ ያልኳችሁ ይሄ ነው።

ብዙዎቻችሁ ከመወለዳችሁ በፊት፣ አዲስ አበባ ሳለሁ፣ አንድ አባት መርሴዲስ 230ኢ አመጡልኝ። ያቺ መኪና ስፖርት አይደለችም፤ ኢንጀክሽኗ ግን ይኸው ኬ-ጄትሮኒክ ነው፣ አራት ሲሊንደር ላይ። ችግሯም አንድ ነው፦ ስትግል አትነሳም። እኔ ያኔ ወጣት ነኝ፣ እጄን አምናለሁ። ጌጅ አልነበረኝም። ስለ አኩሙሌተር ስሙን እንጂ ሥራውን አላውቅም። ሶማሌ ተራ ዞርኩ፣ «የሷ እቃ አይገኝም» አሉኝ። ልብ በሉ፣ የትኛውን እቃ እንደምፈልግ እንኳ አላውቅም ነበር። «ኢንጀክሽን» ብዬ ነው የጠየቅኩት።

ከዚያ ምን አደረግኩ? ሙሉውን አውልቄ ካርቡራቶር ገጠምኩ። ሠፈሩ አጨበጨበልኝ። ማኒፎልዱን በእጄ ነው ያስተካከልኩት፣ ኮርቼበታለሁም። የወለቀውን አከፋፋይ ከነኢንጀክተሮቹ ምናለሽ ተራ በብረት ዋጋ ሸጥኩት። የምሳ ያህል አወጣ።

መኪናዋ ተነሳች፣ አዎ። ግን ዳገት ላይ የድሮ ጉልበቷ የለም፣ ቤንዚን ትጠጣለች። እኚያ አባት በደግነታቸው አንድም ቀን አልወቀሱኝም። «ተመስገን፣ ትነሳለች» ነበር የሚሉት። ውለው አድረው ማደያው ከብዷቸው ቆመች። እኔ እዚህ መጥቼ፣ ጌጅ ይዤ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀሪ ግፊት ሲወርድ በዓይኔ ያየሁ ዕለት፣ ትዝ ያለችኝ ያቺ መርሴዲስ ናት። የፓምፗ ቼክ ቫልቭ ወይ አኩሙሌተሯ ነበር። አንዲት ትንሽ እቃ። እኔ ግን ልቧን አውጥቼ ሸጥኩት። ይቅርታ ልላቸው ስልክ ብደውል አርፈዋል።

እና ያኔ የጎደለኝ መለዋወጫ አልነበረም። አንድ ጌጅና «አላውቅም» የማለት ድፍረት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ አለማወቁን የደበቀ መካኒክም እንዲሁ ነው።

አገር ቤት ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ይህ የሀብታም መጫወቻ ወሬ እንዳይመስላችሁ። ከ2024 ወዲህ በቤንዚን የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ቆሟል። ያሉት አሮጌዎቹ ናቸው፣ ከነሱም ውስጥ እነዚያ መርሴዲሶች አሉ። ነገ አንዱ በር ላይ ሲቆምላችሁ ካርቡራቶር ከመፈለጋችሁ በፊት ጌጅ ፈልጉ። አራት ተመሳሳይ የውኃ ጠርሙስ አሰልፋችሁ ኢንጀክተሮቹን አስገቡ፣ ፓምፑን አስነሱና ሳህኗን አንቀሳቅሱ፤ የትኛው እንደሚያንስ ጠርሙሱ ራሱ ይነግራችኋል። የእሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን፣ ካንዴላ አካባቢ ብልጭታ አይኑር፣ ሲጋራ የሚያጨስ ጓደኛ ውጭ ይጠብቅ። ይህንን ቀልድ አታድርጉት።

አስር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ የልብስ ሰፊ ብቻ ምክር አይደለም።

ፖርሿ ትናንት ወደ ቤቷ ሄደች። ባለቤቷ መንገድ ላይ ማደያ ቆመው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ ሆን ብለው ሃያ ደቂቃ ጠብቀው ደወሉልኝ። አልተናገሩም። ስልኩን ወደ ኋላ ኮፈኑ አስጠጉት። በመጀመሪያው ዙር ተነሳች።

የዚህ ዓይነት ልምድ ያላችሁ፣ በተለይ «ቀይሬ ተጸጸትኩ» ወይም «ቀይሬ ጥሩ አደረግኩ» የምትሉ፣ ከስር ጻፉልኝ። የማትስማሙም ጻፉ፤ ከእናንተ ክርክር ብዙ ተምሬያለሁ። አሮጌ ሬጉሌተር ወይ አከፋፋይ መደርደሪያ ስር ያላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ አትጣሉት።

በቸር ያሰንብተን።